ለሞተ እናዋጣለን፣ ለታመመስ?

ሰሚት_ብሎክ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ነገር ሁለት ሳምንት በሆዴ ይዤው ዞርኩ፤ አልለቅ ስላለኝ እዚህ ላራግፈው።

ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ አንድ ጎረቤት አሉ። የሚኒባስ ሹፌር ነበሩ፣ ሦስት ልጆች አሏቸው። አምና ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው ሥራ አቁመዋል ተባለ። ሐኪሙ በሳምንት ሦስት ጊዜ ኩላሊት ይታጠቡ ነበር ያለው፤ ሁለት ያደረገው ኪሳቸው ነው። መጀመሪያ ሚኒባሷ ተሸጠች። ቀጥሎ የባለቤታቸው ወርቅ ሄደ። ከዚያ በብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ተለጠፈ። አዋጣን። ሁለት ወር ቆይቶ እንደገና ተለጠፈ፤ አሁንም አዋጣን። ሦስተኛው ሲመጣ ግን ግሩፑ ጭጭ አለ። ያችን ዝምታ የማያውቃት ያለ አይመስለኝም። ሁሉም አይቶታል፣ ማንም አላየም።

በመጨረሻ አንዱ ተነፈሰ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጄ ታማ ሌሊት መኪናውን አስነስቶ የወሰደን እሱ ነው። እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ይቅርታ አድርጉልኝና ጤናን መጠበቅ የየራስ ኃላፊነት ነው። ግፊት እንዳለባቸው እያወቁ ስንት ዓመት ክትትል አላደረጉም። እኔ የልጆቼን ትምህርት ቤት መክፈል አቅቶኝ የሰው ኩላሊት እስከ መቼ ነው የማሳጥበው?" አንዷ ደግሞ ተነስታ "ህክምና መብት ነው፣ መክፈል ያለበት መንግሥት ነው፣ እኛ እርስ በርስ ምን ያጨቃጭቀናል" አለች። ሁለቱንም ሳነብ ሁለቱም ልክ መሰሉኝ። ግን ሁለቱም ለሰኞው እጥበት አምስት ሳንቲም አላወጡም።

እኔን የበላኝ ሌላ ነው። ሰውየው ዛሬ ማታ ቢሞቱ (አፌን ቁረጠው) ነገ ጠዋት ድንኳን ይተከላል። እድሩ ይከፍላል፣ ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ ያ "እስከ መቼ" ያለው ጎረቤት ራሱ ወንበር ይሸከማል። "ጥፋቱ የራሱ ነው፣ ራሱ ይቀበር" የሚል የለም። ታዲያ ለሞቱ የማንጠይቀውን ለህመሙ ለምን እንጠይቃለን?

እስቲ ከልምዳችሁ ንገሩኝ። ህክምና መብት ነው ወይስ የየራስ ኃላፊነት? ስድብ ይቅርብን።

ሰነድ_አገላባጭ

"መብት ነው" ያለችው ጎረቤትህ ልክ ናት፤ የሕጉን ቃል ብታነበው ግን ትንሽ ትደነግጣለች። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት ለጤናና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ አለበት ይላል። አንቀጽ 90 ስትደርስ ደግሞ "የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን" የምትል ሐረግ ቁጭ ብላለች። ጎረቤትህን ሰኞ ጠዋት ደጅ የምታስቀራቸው ይቺ ሐረግ ናት። አቅሙ ምን ያህል እንደሚፈቅድ የሚወስነው ታማሚው አይደለማ።

ከውጭ የተቀበልነውም አለ። ኢትዮጵያ የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳንን እ.ኤ.አ. በ1993 ተቀብላለች፤ አንቀጽ 12 ጤናን በግልጽ መብት ይለዋል። የአፍሪካ መሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከበጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተው ነበር። አቡጃ ሩቅ ናት፤ ለእኛ ቃሉም እዚያው ቀርቷል።

በተግባር ግን መብት የሆነ ህክምና አለን እኮ። ክትባት፣ በመንግሥት ተቋም መውለድ፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የቲቢ መድኃኒት፣ የኤችአይቪ መድኃኒት። ለእነዚህ ገንዘብ አትጠየቅም። ቲቢ የያዘውን ሰው "ለምን ከሚያስለው ጋር ተቀመጥክ?" ብሎ የሚያባርረው የለም። ኩላሊት ግን ወደ ጎረቤት አይተላለፍም፤ ለዚህ ይመስለኛል ባለቤቱ ላይ የተጣለው።

ደግሞ መብትን በብር ስትጽፈው የኑሮ ውድነት ይበላዋል። በ2005 የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ በመኪና የተጎዳ ማንኛውም ሰው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ ድንገተኛ ህክምና ያለ ክፍያ እንዲያገኝ ደንግጎ ነበር። ሲወጣ ደህና ገንዘብ ነው። ዛሬ 2,000 ብር ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚገዛ እናንተው ጨርሱት።

አንድ የማያኮራ ነገርም ልናገር። በ2002 ለደመወዝተኛው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ወጣ። ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ ተብሎ ተሰላ። ከዚያ በየዓመቱ "ሊጀመር ነው" እየተባለ ተገፋ። ካስገፉት ምክንያቶች አንዱ እኛው ነን፣ ደመወዛችን አይነካ ብለን። እኔም መሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ተቃውሜያለሁ። ያኔ 28 ዓመቴ ነበር፤ ጉንፋን እንኳ አይዘኝም ነበር።

የላቤ_ውጤት

እኔ ያ "እስከ መቼ" ያለው ሰውዬ ነኝ በሉኝ። እሱን ባልሆን እንኳ ሐሳቡ የኔ ነው።

መርካቶ ነው የምሠራው። ጠዋት 12 ሰዓት ገብቼ ማታ 2 ሰዓት እወጣለሁ። አልጠጣም፣ አላጨስም፣ ጫት አልቅምም። አጠገቤ ያለው ባለሱቅ ደግሞ ቁርጥና ቢራ ነው ኑሮው። ሐኪም ጨው ቀንስ ሲለው "አልጫ ከምበላ ልሙት" ብሎ ይስቃል። ነገ ሲወድቅ የኔ ላብ ነው የሚያነሳው? መንግሥትም ቢሆን ራሳችሁን ጠብቁ ብሏል። በ2011 በወጣው አዋጅ የመጠጥ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን ጠፋ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ መሸጥ ተከለከለ፣ ሰው በሚሰበሰብበት ማጨስ ቀረ። ከዚህ በላይ ምን ይደረግለት፣ አፉን ይዘው ያጉርሱት?

ሌላው ደግሞ ነጻ ነገር ክብር የለውም። ነጻ ነው ሲባል ራሱን ያመመውም ያላመመውም ይሰለፋል፤ የምር የታመመው ወረፋ ላይ ያልቃል። ሰው ለራሱ ቢቆጥብ፣ በወር ትንሽ ትንሽ ቢያስቀምጥ፣ ሲታመም የማንንም ፊት አያይም። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ሲስተር_ወሎ

የላቤ ውጤት፣ ወንድሜ፣ መቆጠብህ ጥሩ ነው። ግን ስንት ቆጠብክ? በሳምንት ሦስት እጥበት ለስንት ወር ይችላል? እሱን አስላና ተመለስ።

ነርስ ነኝ፤ ወደ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፣ አብዛኛውን ገጠር። የምሠራበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም። መጀመሪያ ስለ ጥፋት ላውራ፣ ምክንያቱም ይህ "ራሱ ያመጣው" የሚባል ነገር ያቃጥለኛል። የደም ግፊት አያምም። ሰውዬው እያረሰ፣ እየነዳ፣ እየሳቀ ኩላሊቱ ውስጥ ውስጡን ያልቃል። ግፊቱን የሚያውቀው ሲለካ ነው። ለመለካት አንድ ቀን ከሥራ መቅረት አለበት፣ ካርድ ማውጣት አለበት፣ ግፊት አለብህ ከተባለ ደግሞ በየወሩ ክኒን መግዛት አለበት፤ እሱንም ምንም ሳያመው። ደህና ገቢ ያለው ሰው እንኳ ይሰንፋል። የቀን ሠራተኛውን ተጠያቂ ለማድረግ መቸኮል አይከብድም?

ስለ ጨው ካነሳህ የጨው ታሪክ ልንገርህ። እናቴ ያደገችበት ቀበሌ እንቅርት የሌለባት ሴት ማየት ብርቅ ነበር። ተረታችን ሳይቀር "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" ነው፣ ያን ያህል የቤታችን በሽታ ነበር። ምክንያቱ የአዮዲን እጥረት ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከመነሳቱ በፊት አዮዲን የተቀላቀለበት ጨው ከዚያ ይመጣ ነበር፤ መንገዱ ሲዘጋ ከአፋር የሚመጣ አዮዲን የሌለው ጨው መብላት ጀመርን። በኋላ በ2003 ለሰው ምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። እስቲ ንገረኝ፣ የእናቴ አንገት ያበጠው በእሷ ስንፍና ነው? ምን ብትጠነቀቅ ነበር የማያብጣት? እሷ ጨው ገዝታ ወጥ ሠራች፣ በቃ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሲጀመር፣ 2003 ላይ፣ በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ነበር የተሞከረው፤ እኛ ዘንድ ተሁለደሬ አንዷ ናት። አሠራሩ ቀላል ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ፣ ብዙ ቦታ ከመኸር በኋላ እህል ሲሸጥ፣ ይከፍላል። ደብተር ይሰጠዋል፣ የቤተሰቡ ፎቶ ይለጠፍበታል። ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ሆስፒታል ድረስ ይታከማል። መክፈል የማይችለውን ቀበሌው "የድሃ ድሃ" ብሎ ይለይና መንግሥት ይከፍልለታል። (ስያሜው ሁሌ ይቀፈኛል። ደብተር ለማግኘት በስብሰባ መሃል የድሃ ድሃ መባል ለአንዳንዱ ከበሽታው ይከፋል። አንድ አዛውንት "ድሃ ነኝ፣ ግን የድሃ ድሃ አይደለሁም" ብለው እምቢ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።)

ለውጡን በዓይኔ አይቻለሁ። ድሮ ሰው በቃሬዛ ነበር የሚመጣልን፤ መጀመሪያ ጸበል፣ ቀጥሎ ከሱቅ የተገዛ ክኒን፣ ከዚያ በሬ ተሽጦ፣ በመጨረሻ እኛ ጋ። ልጁ ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል ነው እናትየዋ የምትደርሰው። ደብተር ከያዙ በኋላ ልጁ ገና ሲያተኩሰው ይዛው ትመጣለች። አዎ፣ ያላመመውም ይመጣል፣ እውነትህን ነው፣ "ደብተሩን ከከፈልኩ አይቀር ልታይ" የሚል አለ። ግን እነዚያን አጭር ነገር አይተህ ትሸኛቸዋለህ። በቃሬዛ የመጣውን ግን ብዙ ጊዜ በቃሬዛ ነው የምትሸኘው።

ችግሩን አልደብቅም። መድኃኒት የለም፣ "ከውጭ ግዙ" እንላለን፤ ዓመቱን ከፍሎ የመጣ ሰው ፊት ላይ ይህን መናገር ያሳፍራል። ወረቀቱን ይዞ ከግል ፋርማሲ ሲገዛ እጥፍ ይሆንበታል። መድኑም ለሆስፒታሉ ሲከፍል ይዘገያል፣ ሆስፒታሉ ብር ስለሌለው መድኃኒት አይገዛም፣ መድኃኒት ስለሌለ አባሉ ይኮርፋል፣ በሚቀጥለው ዓመት አያድስም። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን "ዓመቱን ሙሉ አልታመምኩም፣ ብሬ ተበላ" የሚለው ነው። ጤነኛው ሲወጣ ሳጥኑ ውስጥ የሚቀረው ታማሚ ብቻ ነው፤ ታማሚ ብቻ የቀረበት ሳጥን ደግሞ ዕድሜ የለውም። አልታመምኩም ብሎ የሚያዝን ሰው በሌላ አገር አለ?

ሹፌሩ_ከቨርጂኒያ

አለ እንጂ ሲስተር፣ እኔው ራሴ አለሁልሽ፣ አሌክሳንድሪያ ቁጭ ብዬ።

በዲቪ የመጣሁት እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ኡበር እነዳለሁ። ጓደኞቼ ኢንሹራንስ ግዛ፣ በህዳር ምዝገባ ይከፈታል፣ ለገቢህ ድጎማ አለ አሉኝ፤ እኔ 31 ዓመቴ፣ ፈርጣማ፣ ኳስ የምጫወት፣ ለምን በየወሩ ለማላገኘው ነገር እከፍላለሁ ብዬ ተውኩት፣ ያችን ብር ለእናቴ ብልክ ይሻላል አልኩ፣ ይኸውልህ የላቤ ውጤት የምትለውን ዓይነት ሰው ነበርኩ። አንድ ሌሊት ሆዴን ቆረጠኝ። ትርፍ አንጀት። መኪናዬን ራሴ ነድቼ ሄድኩ፣ አምቡላንስ ያስከፍላል ሲሉ ሰምቼ። ተቀበሉኝ፣ አልመለሱኝም፣ እሱን ልመስክር። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሕግ ስላላቸው ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው ብር ኖረውም አልኖረውም አይተው ሳያረጋጉ ማባረር አይችሉም። እንግዲህ እዚህ ያለው "መብት" ይሄ ነው፦ ልትሞት ስትል ግባ። ቢሉ በኋላ ቤትህ ይመጣል።

መጣ። 34 ሺህ ዶላር። ፖስታውን ከፍቼ ኩሽና ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ስምንት ወር ከሰብሳቢዎች ስልክ ተደበቅሁ። ድሃ ከሆንክ ሜዲኬይድ የሚባል የመንግሥት መድን አለልህ ይሉሃል፤ ግሪን ካርድ ይዘህ የመጣህ አዋቂ ከሆንክ ግን ለአብዛኛው ሰው አምስት ዓመት ጠብቅ ነው፣ ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ እንደዚያ ነው። በመጨረሻ ያዳነችኝ ቤተክርስቲያን ያገኘኋት አንዲት እናት ናት። "ልጄ፣ ለትርፍ የማይሠራ ሆስፒታል ከሆነ የእርዳታ ፎርም አለው፣ ሄደህ ጠይቅ" አለችኝ። እውነትም ሕጉ ያስገድዳቸዋል፣ ለድሃ የሚቀንሱበት ደንብ ሊኖራቸው ግድ ነው። ፎርሙን ሞላሁ፣ የገቢዬን ወረቀት አስገባሁ፣ አብዛኛው ተሰረዘልኝ። ስምንት ወር ሙሉ ማንም አልነገረኝም። መብት ነበረኝ ማለት ነው፤ የት እንደተቀመጠ ነው ያላወቅሁት።

ይበልጥ የሚገርመው ድልድዩ ነው። ከእኔ ቤት የፖቶማክን ወንዝ ከተሻገርክ ዲሲ ናት። ዲሲ ለዓመታት ወረቀት ለሌለው ድሃ ነዋሪዋ ሳይቀር የራሷን መድን ስትሰጥ ኖራለች። እኔ ወረቀት ያለኝ ሰውዬ ከወንዙ ወዲህ ስላደርኩ የለኝም። በቀን አስር ጊዜ ያንን ድልድይ ሰው ጭኜ እሻገረዋለሁ።

እና ሰሚት፣ ያ የቴሌግራም ግሩፕህ እዚህም አለ። ጎፈንድሚ ይባላል። ፎቶ ያማረለት፣ ታሪኩ ያስለቀሰ፣ ዘመድ የበዛለት ይሞላለታል። ዝምተኛ ሰው ከሆንክ አይሞላልህም።

ልጅት_ከነታንያ

እኔ ደግሞ መብት የሆነበት አገር ነው ያለሁት፣ ልንገራችሁ።

እስራኤል እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የብሔራዊ ጤና መድን ሕግ አላት። ነዋሪ የሆነ ሁሉ ከአራቱ ኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅቶች) አንዱን ይመርጣል፣ እነሱም በዕድሜህ በበሽታህ አንቀበልህም ማለት አይችሉም። ክፍያው ከደመወዝህ በቢቱዋህ ለኡሚ (በብሔራዊ መድን መሥሪያ ቤቱ) በኩል ይቆረጣል፣ እንደ ገቢህ። ሳይታመሙ ዓመት አለፈ ብሎ የሚያለቅስ አላየሁም፤ ከደመወዝ ስለሚቆረጥ ሰው አያስበውም መሰለኝ። እናቴ ስኳር አለባት። ኢንሱሊኗን ስትወስድ የምትከፍለው ትንሽ ነገር ነው። የአጎቴ ባለቤት ኩላሊቷ ደክሞ ለአራት ዓመት በሳምንት ሦስት ጊዜ ታጥባለች። ለእጥበቱ አንድ ሼቄል አልከፈለችም። ለማንም አልለመነችም። የሰሚትን ጽሑፍ ሳነብ መጀመሪያ የመጣችብኝ እሷ ናት።

ግን ብሩ ሲያልቅ ነገሩ አያልቅም። ገና ልጅ ሆኜ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ይሆናል፣ እናቴ ዕብራይስጥ ስለማትችል ሐኪም ቤት የማስተረጉምላት እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ የሴት ጉዳይ ይጠይቃታል፣ እናቴ ለእኔ መናገር አፍራ "ምንም የለኝም በይው" ትለኛለች። እኔም "ምንም የላትም" እላለሁ። ስኳሯ ሳይታወቅ ስንት ዓመት እንደቆየ ስታስቡት፣ ያ ጥፋት የማን ነው ትላላችሁ? የዘጠኝ ዓመት ልጅ? እና ደግሞ እ.ኤ.አ. 1996ን የኛ ሰው አይረሳውም። የለገስነውን ደም ተቀብለው፣ አመስግነው፣ በኋላ ሳይጠቀሙበት በድብቅ ሲጥሉት እንደነበር ጋዜጣ አወጣው። ኢየሩሳሌም በሺዎች ወጥተን ጮኽን። ሊያክሙን ደስተኛ ነበሩ፤ ደማችንን ግን አልፈለጉትም። ካርዱ ኪሴ ውስጥ እያለ እንኳ አንዳንዴ የሆስፒታል በር ላይ ስቆም ያ ነገር ትዝ ይለኛል።

የላቤ_ውጤት

ሲስተር፣ አሰላሁት። ለሰባት ወር ይችላል። ሱቁን ከሸጥኩ ትንሽ ይገፋል።

ግን አሁንም ጥያቄ አለኝ። ሳጥን አድርጉ ትላላችሁ፤ ሳጥኑን የሚይዘው ማን ነው? ስንት ነገር አዋጥተን የት እንደገባ ያልታወቀ አለ። እድሬን የማምነው ገንዘብ ያዡን ስለማውቀው ነው፣ ቤቱንም አውቀዋለሁ።

ጡረተኛው_መምህር

ልጆቼ፣ እኔ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ስልኩ ፊደሉን ይቀያይርብኛል። የእድር ዳኛ ሆኜ 11 ዓመት አገልግያለሁና በሰሚት ጥያቄ ላይ አንድ ነገር ልበል።

እድር ለሞት የሚከፍለው ሟቹን ከታማሚው አብልጦ ስለሚወድ አይደለም። ሞት አንድ ጊዜ ነው። ድንኳኑ ይታወቃል፣ የሬሳ ሣጥኑ ዋጋ ይታወቃል፣ ሦስት ቀን ተቀምጠን እንነሳለን። ለእያንዳንዱ ሟች አንዴ ብቻ ስለሚወጣ ሂሳቡ ይገጥማል። ይህ የኩላሊት ነገር ግን ሰኞ ይመጣል፣ ሐሙስ ይመጣል፣ ተመልሶ ሰኞ ይመጣል። ጎረቤቶችህ ክፉ ሆነው አይደለም ዝም ያሉት፤ መጨረሻው ስላልታያቸው ነው። መጨረሻ ለሌለው ነገር ሰው እጁን ይሰበስባል።

እኛ እድር ውስጥ በ2009 ጠቅላላ ጉባኤ ላይ መተዳደሪያ ደንቡን ከፍተን "ለታመመ አባል በዓመት አንዴ መደጎሚያ ይሰጥ" የሚል አንቀጽ አስገባን። ክርክሩ ከጠዋት እስከ ቀትር ፈጀ። አንድ አባል "እድር የቀብር ነው፣ በቁሙ ያለን ሰው በእድር መርዳት ሟርት ነው" ብለው ተነሱ። ሌላዋ እናት ደግሞ "እኔን ስሞት በግ አርዳችሁ ከምትበሉ፣ ሳልሞት መድኃኒቴን ግዙልኝ" አሉና ሰው ሁሉ ሳቀ። በእሳቸው ቃል ነው ድምፁ ያለፈው። ግን ልብ በሉ፣ ለ180 አባወራ የሚሆን እድር አንድ የወባ በሽተኛ፣ አንድ የተሰበረ እግር ይችላል። እጥበት አይችልም። ሁለት የኩላሊት ታማሚ ቢኖረን በዓመቱ መጨረሻ ለቀብር የሚሆን አይተርፈንም ነበር። ስለዚህ ሳጥኑ የግድ ከሰፈር ይበልጣል፤ የመርካቶው ልጄ የገንዘብ ያዡን ቤት አላውቀውም ያልከው ፍርሃት ግን ተገቢ ነው፣ እኔም እፈራለሁ። የጤና መድኑ ቦርድ ውስጥ የአባላት ተወካይ አለ ይባላል፤ የኛ ወረዳ ተወካይ ማን እንደሆነ ጠይቄ የነገረኝ የለም።

ሰነድ_አገላባጭ

ጋሼ፣ እንደዚህ አስቤው አላውቅም ነበር። ከአገሪቱ የጤና ወጪ ውስጥ ሲሶ የሚሆነው ከታማሚው ኪስ በቀጥታ የሚወጣ ነው፤ የጤና ወጪ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ነው። እርስዎ እንዳሉት መጨረሻው የማይታይ ነገር በአንድ ቤት ላይ ሲወድቅ ነው ሚኒባሷ የምትሸጠው።

ሰሚት_ብሎክ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አነበብኩ፣ ጋሼን ሁለት ጊዜ። አመሰግናለሁ።

እኛ ጋ የሆነውን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ቤታቸው ሄድን፣ ስድስት ሰው። ሰውየው ከእኛ ይልቅ የተረጋጉ ናቸው። "ገንዘቡን ተዉት፣ ኑና ተጫወቱ ብቻ፣ ሰው ሲሸሸኝ ነው የከበደኝ" አሉን፤ ባለቤታቸው ግን ከኋላቸው ሆና አንገቷን እየነቀነቀች ነበር፣ አትስሟቸው እንደማለት። የጤና መድን ደብተር ነበራቸው፤ ለዚህ ዓይነቱ ቋሚ እጥበት አይሸፍንም ተብለው ነው የተመለሱት። አንድ የመንግሥት ሆስፒታል በጣም በረከሰ ዋጋ ይሠራል አሉ፣ ወረፋ ይዘዋል፤ ወረፋው የሚለቀቀው እንዴት እንደሆነ ግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ማሽኑ ላይ ያለ ሰው ሲሞት ወይም ሲተካለት ነው። ንቅለ ተከላ አገር ውስጥ በቅዱስ ጳውሎስ ከ2008 ጀምሮ ተጀምሯል፤ ከሥጋ ዘመድ መውሰድ ይቻላል፤ እህታቸው ደም ልትመረመር ከደሴ እየመጣች ነው።

እስከዚያ ድረስ በግሩፑ "እስኪ አዋጡ" ማለት ቀርቶ 42 ሰው በወር የተወሰነች ነገር ለአምስት ወር ብቻ ሊከፍል ፈረመ። ለአምስት ወር። ጋሼ ያሉት ነው፣ መጨረሻ ሲኖረው ሰው እጁን ፈታ። "መንግሥት ይክፈል" ያለችው ልጅ ፈርማለች። "እስከ መቼ" ያለው ሰውዬ ገና ነው።

የላቤ_ውጤት

እሺ። ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ በውስጥ መስመር ልጽፍልሽ ነበር ግን ሌላውም ይስማው። እናቴ ገጠር ናት፣ ሰሜን ሸዋ፣ 68 ዓመቷ ነው። ያ ደብተር የላትም። ከእኔ ጋር ትመዝገብ ወይስ እዚያው? አሁን ብሄድ ይመዘግቡኛል?

ሲስተር_ወሎ

የምትኖርበት ቀበሌ ነው የምትመዘገበው፣ እዚያው። ወቅቱ እንደየወረዳው ይለያያል፤ ብዙ ቦታ ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው፣ ስለዚህ ደውለህ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቅ። መታወቂያና ጉርድ ፎቶ ትያዝ። አብሯት የሚኖር የልጅ ልጅ ካለ ስሙን አብራችሁ አስገቡ፣ በኋላ ይረሳል። ደብተሩ ሲደርሳት ደግሞ ባያማትም ጤና ጣቢያ ውሰዳትና ግፊቷን አስለካ። አንተም እግረ መንገድህን ተለካ።